የጽጌ ተራ በደሴ ቤት

ባለፈው ጥቅምት ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ሚኒባስ ስጠብቅ አንዲት ሴት አጠገቤ ማሰሮ አስቀመጠች። አፉ በጨርቅ የታሰረ፣ ሆዱ በገመድ የተጠፈረ ተራ ማሰሮ ነው። "ትንሽ ጠጋ በይልኝ እህቴ፣ እንዳይመቱብኝ" አለችኝ። ጠጋ ስል ሽታው መጣ። በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ ማሰሮ፣ ከውስጡ ደግሞ ማር። ኧረ ተዉኝ! ያ ሁሉ ሰው በሚጋፋበት መሀል እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሴትየዋ ደንግጣ "ምነው፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?" አለችኝ። "የለም፣ ብርዝ ሸትቶኝ ነው" አልኳት። ምን ትበል? ማሰሮዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

የሸተተኝ የአሥራ አንድ ዓመቴ ጥቅምት ነው። ሰፈራችን ከንፋስ መውጫ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ እናኑና ዝናሽ። ሦስታችንም አራተኛ ክፍል፣ ሦስታችንም አንድ ወንበር ላይ። እናኑ እናቷ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ጠላ ስለምትሸጥ ሰው አይታ፣ ወሬ ሰምታ ያደገች ናት፤ በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት አላት። የመምህራችንን የሰሌዳ ጽሕፈት ሳይቀር "ወደ ቀኝ አዘመመ" ብላ ታርም ነበር። ዝናሽ ዝምተኛ ናት፤ ስትናደድ እንኳን ቀስ ብላ ነው የምትናደደው። እኔ ደግሞ ያው እንደምታዩኝ ነኝ፤ ችኩልና ወሬኛ።

የዝናሽ አባት ደሴ ከዚያ ከዓመት በፊት በክረምት ታመው ሞቱ። ረጅም፣ ሳቂታ ሰው ነበሩ። ሲሞቱ ሕፃናቱን ሁሉ እናኑ ቤት ሰብስበው በር ዘጉብን፤ ዝናሽም ከእኛ ጋር ተዘጋባት። ቀብሩንም ፍትሐቱንም አላየችም። ለተዝካሩም ቀን እንደዚሁ አራቋት፤ "ልጅ ናት፤ ነፍሷ ይረበሻል" ተባለ። እኔ ያኔ ለእሷ ተብሎ የተደረገ መስሎኝ ነበር።

በእኛ ደብር በጽጌ ወቅት ካህናቱ ቅዳሜ ለእሁድ ማኅሌት ቆመው ያድራሉ። ጠዋት ቅዳሴ ሲያልቅ በተራ አንድ ቤት ይጋበዛሉ። ተራው የታወቀ ነው፤ ሦስተኛው እሁድ የደሴ ቤት፣ ከዚያ በፊት የአባታቸው ቤት ነበረ። ከበሉ ከጠጡ በኋላ ሁሉም ይነሱና የዚያን ቤት ሙታን በስም እየጠሩ ይጸልያሉ። ደሴ ከሞቱ በኋላ በመጣው ጽጌ ጎረቤት ተባብሮ በሌላ ቤት ተራውን ሸፈነላቸው። በዓመቱ ግን፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ተራውን የሚደለድሉት ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ወደ ዝናሽ ቤት መጡ። እኛ ከጓሮ ባቄላ እሸት እየፈለፈልን ነበር።

"ጥሩነሽ" አሉ፣ "እናሳርፍሽ ብለን ነው። ብቻሽን ነሽ፤ ይከብድሻል። ተራውን ለሌላ እንስጠው።"

የዝናሽ እናት እትዬ ጥሩነሽ ቆመው ነበር የሚሰሙት። "አባ፣ እግርዎን ልሳም፤ ዘንድሮን ብቻ ልሞክር። ካቃተኝ ያን ጊዜ ይሰጥ።"

ቄሰ ገበዙ ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። "ደግ። ዘንድሮን እንይ" አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ።

ዝናሽ እሸቱን ከእጇ ጥላ "ተራው ከተሰጠ አባዬ አይጠራም" አለች። ሌላ አልጨመረችም።  መምህራችን ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠሩ ያልተጠራ ልጅ ከመዝገቡ ተሰርዟል ማለት ነው፤ ሰማይ ቤትም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። የዝናሽ አባት ተሰልፈው፣ ስማቸውን እየጠበቁ፣ ሳይጠሩ ሲቀሩ ታየኝ። ለእናኑ ስነግራት "እንዲያማ ከሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም" አለች፤ እናኑ እንዲህ ካለች ነገር ልታነሳ ነው።

አነሳችም። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው ሱቅ ግድግዳ ላይ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። ሥዕሉ ረጅም ጠረጴዛ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ዳር እስከ ዳር አበባ ተደርድሮበት፣ በረጃጅም ብርጭቆ ቢጫ መጠጥ ተቀድቶበት። ሰው የለበትም። ሦስታችን ሱቁ ደጅ ተገትረን አየነው። "ብርዝ ነው" አለች እናኑ በሙሉ ልብ። "የከተማ ሰው ብርዝ እንዲህ ነው የሚጠጣው።" ከብርጭቆው ጎን ቀያይ ፖም ነበረ፤ እኛ ቲማቲም ነው ብለን አለፍነው። አሁን ሳስበው መጠጡ የፖም ሳይሆን አይቀርም። ያኔ ግን ማን ይከራከራታል?

"ይህን ብናደርግላቸው ቄሰ ገበዙ ተራውን ለሌላ ለመስጠት አፍ አይኖራቸውም" አለች። ምግቡ የእትዬ ጥሩነሽና የጎረቤት ሴቶች ነው፤ ወጡም ስልጆውም ጠላውም። ጠረጴዛው፣ አበባውና ብርዙ ግን የእኛ ሆነ። ችግሩ ጠረጴዛ የለም። በቤቱ ያለው መደብና አንድ በርጩማ ብቻ ነው።

ዝናሽ ቀና ብላ የቤቱን በር አየች። ደሴ ራሳቸው የጠረቡት ሰፊ መዝጊያ ነው። "ይነቀላል" አለች። "አባዬ በክረምት እርጥበት ሲያሳብጠው ሲነቅለው አይቻለሁ።" ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ጥሩነሽ ውኃ ሲወርዱ ጠብቀን፣ ሦስታችን ከታች ወደ ላይ ገፋነው፤ ከሚዞርበት ጉድጓድ ወጣና እናኑ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እየጎተትን ግቢው መሀል አራት ድንጋይ ላይ አጋደምነው። እትዬ ጥሩነሽ እንስራቸውን አዝለው ሲመለሱ የቤታቸው አፍ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

"ወይ ጉዴ! ቤቴን ዘረፋችሁት?"

"ጠረጴዛ ነው እትዬ" አልኩ።

እንስራውን ሳያወርዱ መዝጊያውን ዞረው አዩት። ከዚያ ሳቁ። ደሴ ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ዝናሽም እናቷን ደንግጣ ነበር ያየቻቸው። "እንግዲህ ዛሬ በር የለኝም፤ ሌባ ከመጣ እናንተን ነው የምይዘው" አሉና ነጭ ጋቢያቸውን አውጥተው ሰጡን።

ማሩ የእኔ ድርሻ ነበር፤ አባቴ ሁለት ቀፎ ነበረው። አዲሱ ማር ገና መቆረጡ ነው፤ አባዬ ደግሞ በማር ነገር ቀልድ አያውቅም። ምሳ ሰዓት ላይ ፈራ ተባ እያልኩ "አባዬ፣ ማር ስጠኝ" አልኩት።

"ለማን?"

"ለዝናሽ አባት።"

ጉርሻው እጁ ላይ ቆመ። እሱና ደሴ በሬ አቀናጅተው ነበር የሚያርሱት። ተነሳና ከጓዳ ነጩን ማር፣ ለእናቴ እንኳን የሚሰስተውን፣ ቅል ሙሉ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። "ውኃ እንዳታበዙበት" አለኝ። ዞር ብሎ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት፤ ጢስ ገባበት ብዬ አለፍኩ። አይ ልጅነት!

ብርዙን የበጠበጥነው ዝናሽ ቤት ነው። እትዬ ጥሩነሽ ማሰሮውን በግራዋ አጥበው በወይራ አጥነው ሰጡን። ማሩን ለብ ባለ ውኃ በእጃችን አሸነው፤ ሰፈፉ በጣቶቻችን መሀል ይሾልካል። በነጠላ ጫፍ አጠለልነው። እናኑ "ጎደለው" እያለች ትቀምሳለች፣ ትጨምራለች፣ ደግሞ ትቀምሳለች።

"አንቺ በቅምሻ ልትጨርሽው ነው!" አልኳት።

"ባለሙያ ሳይቀምስ አይሠራም" አለችኝና አንድ ጭልፋ ደገመች። ዝናሽ ሳቀች። እኔም ጣቴን ነክሬ ላስኩ። የዚያን ቀን ጣቴ ላይ የነበረው ጣዕም ከዚያ ወዲህ አፌ ገብቶ አያውቅም፤ ስንት ማር ገዝቼ ሞክሬያለሁ፣ አይገኝም።

ጠባችን የመጣው በአበባው ነው። እናኑ ሥዕሉ ላይ እንዳለው ሁሉ ቢጫ ይሁን አለች፤ አደይ። ዝናሽ የተልባ አበባ አለች። ከቤታቸው ጀርባ ያለው ተልባ ያኔ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

"ተልባ ምኑ አበባ ነው? ሰው ይስቅብናል። ደግሞ እህል ነው፤ እናትሽ ይቆጣሉ።"

"አባዬ ተልባ ሲያብብ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ያይ ነበር" አለች ዝናሽ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ግን ሁለታችንም እንደተናደደች አወቅን። እናኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በክርክር ተሸነፈች። እትዬ ጥሩነሽም "ከዳር ዳሩ ቁረጡ" አሉን እንጂ አልተቆጡም።

ረፋዱ ላይ ሁለት እቅፍ ቆርጠን ውኃ ውስጥ አቆምነው። ከሰዓት በኋላ ብርዙን ከድነን ስንመለስ አንድም አበባ አልነበረም። ግንዱ ብቻ ቆሟል፤ ሰማያዊው ሁሉ መሬት ላይ ረግፏል። ተልባ ጠዋት ፈክቶ ቀትር ላይ እንደሚረግፍ የገበሬ ልጆች ሆነን አናውቅም ነበር፤ ማን ልብ ብሎ ያያል? ዝናሽ አጠገቡ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ለማልቀስ ደግሞ ማን ብሎኝ! እናኑ ግን ወገቧን ይዛ "ካህናቱ የሚመጡት በጠዋት አይደል እንዴ? አበባውም ጠዋት ነው። ነገ ቅዳሴ ሳያልቅ እንቆርጠዋለን። ተነሱ፤ ምን ያነፋርቃችኋል!" አለችን።

እሁድ ማለዳ ጤዛው እስከ ጉልበታችን አረጠበን። ከቤተ ክርስቲያኑ የቅዳሴው ዜማ ይሰማል፤ ዜማው ከፍ ሲል እጃችን ይፈጥናል። እናኑ ከገደሉ አፋፍ የመጨረሻውን አደይ ለቅማ መጣች፤ ሌላው ቦታማ ደርቋል። ከዚያ ደግሞ ንፋሱ። የጋይንት ንፋስ ጋቢውን ገልቦ አበባውን ሁለት ጊዜ በተነብን። ጭቃ አድቦልብላ አበባውን የሰካችበት ዝናሽ ናት፤ ጭቃውን ሳር ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱን "ይህ ወደዚህ፣ ያ ወደዚያ" እያለች ያዞረችው እናኑ ናት። ቢጫው ዳር ዳሩን፣ ሰማያዊው መሀል፣ በሰማያዊው መካከል የብርዙ ማሰሮ። ከእናኑ እናት የተዋስነው ብርሌ ሰባት ብቻ ስለሆነ በብርሌና በዋንጫ እያፈራረቅን ደረደርን። ስንጨርስ ሦስታችን ወደ አጥሩ ሸሽተን ከሩቅ አየነው።  እናኑ እንኳን የምታርመው አጣች።

ካህናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡና ቆሙ። አንዱ ደብተራ "ጽጌው ቀድሞን መጥቷል እኮ!" ብለው ሳቁ። ቄሰ ገበዙ አልሳቁም። አጎዛው ላይ ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ተከትለው መዝጊያውን ከበው ተቀመጡ። በሉ፣ ጠጡ። እኛ ብርዝ ቀጂዎች ነን። በቄሰ ገበዙ ብርሌ ውስጥ ንብ ገባች፤ እኔ ደርቄ ቀረሁ። በጣታቸው ጫፍ አወጧትና አበባ ላይ አስቀመጧት። "ይህችም ተጋባዥ ናት" ብለው ጠጡ። ከዚያ "ይህን ማን ሠራው?" አሉ።

"ልጆቹ ናቸው አባ" አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

"እህ" አሉ ቄሰ ገበዙ። ብቻ "እህ"። ተቆጥተዋል፣ ተራው ተወሰደ ብዬ ለእናኑ በጆሮዋ ነገርኳት።

ሁሉም ለጸሎት ተነሱ። ዝናሽ የብርዙን መቅጃ በሁለት እጇ ይዛ መሀላችን ቆመች። ከመስከረም ጀምራ የጠበቀችው ይህን ነው። ቄሰ ገበዙ በግዕዝ ጸለዩ፤ ረጅም ነበር። ከዚያ "ነፍሰ ገብርከ ኃይለ ጊዮርጊስ" አሉ። የዝናሽን ወንድ አያት ስም ጠሩ፣ የሴት አያቷን ስም ጠሩ። ሁሉም አሜን አለ። አለቀ። መቀመጥ ጀመሩ።

"አልጠራችሁትም" አለች ዝናሽ።

ድምጿ ያን ያህል ከፍ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ግቢው ሁሉ ዞረ።

"ምን አልሽ ልጄ?" አሉ ቄሰ ገበዙ።

"የእኔን አባት አልጠራችሁትም። ሌላ ሰው ነው የጠራችሁት።"

እትዬ ጥሩነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። "የክርስትና ስሙ ነው የኔ እናት፤ ኃይለ ጊዮርጊስ አባትሽ ነው። ቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስም ነው የምትጠራው።"

"እኔ አላውቀውም ሰውዬውን" አለች ዝናሽ። ከዚያ እንባዋ ወረደ። "እኔ አበባ የቆረጥኩት ለደሴ ነው።"

እኔም አላውቅም ነበር። የእኔንም አባት የክርስትና ስም አላውቅም።  ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ከጥግ ቆሞ ነበር፤ አሁን ጢስ አልነበረም፤ ሲያለቅስ አየሁት።

 ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንደገና ተነሱ፤ ያልተነሳ ሰው አልነበረም። "አንቺ ስሙን ማን ብለሽ ነው የምትጠሪው?" አሉ።

"አባዬ። ሰው ግን ደሴ ነው የሚለው።"

ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። በግዕዝ ሳይሆን በእኛው በአማርኛ "አቤቱ፣ የዝናሽን አባት፣ የጥሩነሽን ባል፣ የዚህን ቤት ባለቤት ደሴን አስብልን" አሉ። ከዚያ ደግሞ "ደሴን" አሉ። ሁሉም አሜን ሲል የእናኑ ድምፅ ከሁሉ በላይ ነበር። ሊሄዱ ሲሉ ለእትዬ ጥሩነሽ "ተራው የቤታችሁ ነው፤ ከእንግዲህ የሚነሳ ነገር የለም" አሏቸው። ዝናሽ እያንዳንዳችንን ክንዳችንን እየያዘች "ሰማችሁ? ሰማችሁ አይደል?" ትለን ነበር። ስንት ጊዜ ሰማን እንዳልናት እንጃ። ያን ፊቷን ዛሬ ለማየት ያለኝን ሁሉ እሰጣለሁ።

ከጥምቀት በኋላ አክስቷ መጥተው ለትምህርት ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወሰዷት። ስትሄድ "በጽጌ ደሴ ተብሎ ሲጠራ ስሙልኝ፤ ጻፉልኝ" አለችን። ማልንላት።

በዓመቱ በጽጌ ሦስተኛው እሁድ እኔና እናኑ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ተገኘን። ሁለት ሆነን መዝጊያውን መንቀል አልቻልንም፤ ሞክረን ተውነው። ቄሰ ገበዙ ታመው ስለነበር የመጡት ሌላ ቄስ ናቸው። ጸለዩ፤ "ኃይለ ጊዮርጊስ" አሉ፤ አሜን ተባለ። እናኑ ተናገሪ ብላ ጎሸመችኝ፤ እኔም አንቺ ተናገሪ ብዬ ጎሸምኳት። ያቺ ሁሉን የምታርም ልጅ አፏ ተያዘ፤ የእኔ ወሬኛ አፍም እንደዚያው። ካህናቱ መርቀው ሄዱ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ እትዬ ጥሩነሽ ወረቀት አምጥተው "በሉ ጻፉላት፤ ስሙ ተጠርቷል በሏት" አሉን። ማንበብ አይችሉም። ደብተር ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ፤ ሰላምታውን፣ የላሚቱን መውለድ፣ የእናቷን ደኅንነት። ከዚያ "አባትሽ ተጠርቷል" የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ቆሞ ቆሞ "ደሴ ተብሎ" ብዬ ጨመርኩ። አንገቴ ላይ የእናኑ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ከኋላዬ ሆና እያነበበች ነው። አሁን ታጋልጠኛለች ብዬ ጠበቅሁ። 

"ጮክ ብለው ነው የጠሩት በያት" አለችኝ።

ጻፍኩ።

"ሁለት ጊዜ በያት።"

እሱንም ጻፍኩ።